ጉልበት ሲበላ፦ ከፊል ቅየራ፣ ሙሉ ቅየራ ወይስ ለጊዜው ምንም አለመቀየር? ለጎንደርና ለአካባቢዋ ሰው የንጽጽር መመሪያ

እናቴ ራጇን በፌስታል ጠቅልላ ከአልጋዋ ራስጌ ሰቅላው ከረመች። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይወርዳል፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ተይዞ ይታያል፤ ቡናው እስኪፈላ ሁሉም የየራሱን ይፈርዳል። አንዱ ሐኪም «ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት» ብሏታል። ሌላው ያንኑ ጉልበት አይቶ «የተበላው አንዱ ጎን ነው፤ እሱን ብቻ እንቀይራለን» አላት። አክስቴ ጥሩ ወጌሻ ታውቃለች። ጎረቤታችን ደግሞ «ብረት አንዴ ከገባ የጎንደር ብርድ አያስቀምጥሽም» ይሏታል። እኔ የበኩር ልጅ በመሆኔ ብቻ «አንተ ተምረሃል፣ ወስን» ተባልኩ። የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ነው።

ስለዚህ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ያዝኩት። ሦስት ሐኪሞችንና አንዲት ፊዚዮቴራፒስት እየተመላለስኩ ጠየቅሁ፤ የታተሙ ጥናቶችንም እየፈለግሁ አነበብኩ። የገባኝ ነገር ቢኖር «የቱ ኦፕራሲዮን ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው መልስ እንደሌለው ነው። «ይህ ጉልበት የተበላው የቱ ጋ ነው? ባለቤቱስ ምን ሊያደርግበት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ምርጫው ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ወይም ሁለት ይወርዳል።

በምን ይመዘን?

እኛ ቤት የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነበር። አማራጭ እንደረድራለን እንጂ መመዘኛ አልነበረንም። ኋላ ላይ ስድስት ነገር ለየን፦ የተበላው ክፍል፣ ጉልበቱ ላይ ያለው የዕለት ሥራ፣ የሚገባው ነገር የሚቆይበት ዘመን፣ የኦፕራሲዮኑ አደጋ፣ የሐኪሙ ልምድ፣ በመጨረሻም ገንዘቡና መንገዱ። ዕድሜን ለብቻው አላስገባሁትም፤ ከሚቆይበት ዘመን ጋር አብሮ ይመጣል።

የተበላው የቱ ጋ ነው? ራጁ ቆሞ ይነሳ

ጉልበት ሦስት ክፍል አለው፦ የውስጥ ጎን (ሁለቱ ጉልበቶች የሚነካኩበት በኩል)፣ የውጭ ጎን፣ ከፊት ደግሞ ሎሚ የምንላት ክብ አጥንት ያለችበት። አጥንቶቹ የሚገናኙበት ጫፍ ካርቲሌጅ በሚባል ለስላሳ ነጭ ሽፋን ተለብጧል። በተለምዶ ቁርጥማት እያልን የምናልፈው ኦስቲዮአርትራይተስ ይህ ሽፋን እየሳሳ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ አጥንት ከአጥንት የሚፋጭበት ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚበላው የውስጡ ጎን ነው። አሮጊቶቻችን ሲራመዱ እግራቸው ወደ ውጭ እንደ ቀስት የሚጎብጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የእናቴ የመጀመሪያ ራጅ የተነሳው ተኝታ ነበር። በዚያ ምስል ላይ በአጥንቶቹ መካከል ክፍተት ይታያል፤ «ደህና ነው፣ ትንሽ መድከም ነው» ተባልን፤ የአንድ ዓመት ማስታገሻ ገዛን። ኋላ ላይ ሌላ ሐኪም «ቆማ ትነሳ» ብሎ መለሳት። ክብደቷ ባረፈበት ጊዜ በተነሳው ምስል የግራ ጉልበቷ የውስጥ ጎን ክፍተት ድራሹ የለም፤ ነጭ በነጭ ላይ ተቀምጧል። የውጭው ጎን ግን ጣት የምታስገባበት ይመስል ክፍት ነበር። ሰው ተኝቶ አይራመድም፤ ራጁም ተኝቶ መነሳት የለበትም። ከፊል ቅየራ ለሚታሰብለት ሰው ደግሞ ሐኪሙ ጉልበቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ይዞ የሚነሳ ተጨማሪ ምስል ያዛል፤ የውጭው ጎን ሽፋን በእርግጥ ሙሉ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ከፊል ቅየራ የሚሠራው አንዱ ጎን ብቻ እስከ አጥንቱ ሲበላ፣ ሌላው ጎን ጤነኛ ሲሆን፣ ጉልበት መሀል ያለው ጅማት ሳይበጠስ ሲቀር፣ ጉብጠቱም በእጅ ሲገፉት የሚቃና ከሆነ ነው። በሩማቶይድ አርትራይተስ ለተጎዳ ጉልበት አይሆንም፤ ያ ሕመም ጎን አይመርጥም፣ መገጣጠሚያውን በሙሉ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ መስፈርት «ከ60 ዓመት በላይ፣ ከ82 ኪሎ በታች» የሚል ነበር፤ ዛሬም የሚጠቅሱት ሐኪሞች አሉ። ከዚያ በኋላ የወጡ የኦክስፎርድ ጥናቶች ግን መስፈርቱን ያላሟሉ ሰዎች ውጤታቸው እንዳልከፋ አሳይተዋል። በኪሎዋ ብቻ «አይሆንሽም» የተባለች ሴት ሌላ ሐኪም መጠየቅ መብቷ ነው።

ጉልበቱ ምን ሥራ አለበት?

እንግሊዝ አገር የሚታተም መመሪያ ስለ ጎልፍና ስለ መኪና መንዳት ያወራል። እኛ ዘንድ ጥያቄው ሌላ ነው። እናቴ ቤት ከመንገዱ ወደ በሩ 14 የድንጋይ ደረጃ አለ። ቡና የሚፈላው በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው። ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ነው። በሕማማት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ መስገድ ትፈልጋለች፤ ግንባር መሬት እስኪነካ ወርዶ መነሳት፣ እንደገና መውረድ። አርባ አራቱ ታቦት ባለበት ከተማ «ስግደት ተዪው» ማለት ቀላል ምክር አይደለም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በሱጁድ ይኸው ጥያቄ አለባቸው።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ሙሉ የተቀየረ ጉልበት በአብዛኛው ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ይታጠፋል። ለደረጃና ለወንበር ይበቃል። ቁጢጥ ለማለት ግን ከ130 በላይ ይፈልጋል። ከፊል ቅየራ ጅማቶቹን ሁሉ በቦታቸው ስለሚተው ጉልበቱ ይበልጥ ይታጠፋል፤ ብዙዎችም «የራሴ ጉልበት ይመስለኛል» ይላሉ። ያም ሆኖ ቁጢጥ ለማንም ቃል የሚገባ ነገር አይደለም፤ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የማይታጠፍ ጉልበት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በተአምር አይታጠፍም።

መንበርከክስ? ቁስሉ ከዳነ በኋላ መንበርከክ የገባውን ብረት አያበላሸውም። የሚከለክለው ሌላ ነው፤ ጠባሳው አካባቢ ቆዳው ይደነዝዛል፣ ሎሚዋ ላይ ሲያርፉ ይቆረቁራል፣ ሰውም ይፈራል። ከፊል የተቀየረላቸው ሰዎች መንበርከክ ይሻላቸዋል፤ ሙሉ ከተቀየረላቸው መካከል ግን ጨርሶ የማይንበረከኩት ብዙ ናቸው። የእናቴ የነፍስ አባት ነገሩን ስትነግራቸው ብዙም አልተጨነቁም፤ «አንገትሽን ዝቅ አድርጊ፣ ይበቃል» አሏት። እሷ ናት ያልበቃት።

ያለ ቢላዋ የሚደረገው

ለማንም ሰው የመጀመሪያው አማራጭ ይህ ነው፤ ሰውም በቶሎ የሚንቀው ይህንኑ ነው። ዴንማርክ ውስጥ ሙሉ ቅየራ የሚገባቸውን 100 ሰዎች ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ኦፕራሲዮን ሠርተው እንቅስቃሴ ጨመሩለት፣ ሌላውን በእንቅስቃሴ፣ በክብደት ቅነሳና በማስታገሻ ብቻ ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ውጤት ኦፕራሲዮን የተሠሩት ሕመማቸው ይበልጥ እንደቀነሰ አሳየ። ሆኖም ያለ ኦፕራሲዮን ከቆዩት ውስጥ በዓመቱ ኦፕራሲዮን የጠየቀው ከአራት አንድ ያህሉ ነው፤ ከባድ ጉዳትም በእነሱ ዘንድ በጣም ያነሰ ነበር። ስለዚህ ወራት የፈጀ እውነተኛ እንቅስቃሴ ሳይሞከር ወደ ቢላዋ መሄድ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

እንቅስቃሴ ሲባል «ዝም ብለሽ ተራመጂ» ማለት አይደለም። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ እስከ አስር ቆጥሮ ማውረድ፤ እጅ ሳያስደግፉ ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ፤ የጭኑ ጡንቻ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ፣ በሳምንት ብዙ ቀን። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስት የሚያሠለጥን በመሆኑ በዚህ በኩል ከብዙ ከተማ ታድለናል፤ ባለሙያው አጠገባችን እያለ ወጌሻ ፍለጋ ገጠር የምንወርደው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የወጌሻ እሽት የሳሳ ካርቲሌጅ አይመልስም።

ክብደትም ቀላል አይደለም፤ የቀነሰ 1 ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል። ከዘራ ደግሞ የሚያዘው ከሚያመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ፒያሳ ላይ ቆማችሁ ብታዩ አብዛኛው ሰው በሚያመው በኩል ይይዘዋል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የታመመው። እናቴ ይህችን ብቻ ተምራ 14ቱን ደረጃ ሳታለቅስ መውረድ ጀመረች።

ስለ ማስታገሻ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ለዓመታት መዋጥ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደም ግፊትን ይጨምራል። ግፊትና ስኳር ላለበት ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ጉልበት ላይ የሚቀባው ዳይክሎፌናክ ይሻላል።

መርፌውና ካሜራው

እነዚህን ቶሎ ልለፋቸው። የኮርቲዞን መርፌ ለሳምንታት ያስታግሳል፤ ለልጅ ሰርግ ወይም ለአንድ ጉዞ ሊጠቅም ይችላል። በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት የተሰጣቸው ሰዎች ግን ጨው ውሃ ከተወጉት የተሻለ የሕመም ቅናሽ አላገኙም፤ ካርቲሌጃቸው ደግሞ ይበልጥ ሳሳ (ጥናቱ እ.ኤ.አ. የ2017 ነው)። ኦፕራሲዮን ያሰበ ሰው በቀደሙት ሦስት ወራት ውስጥ አይወጋ፤ የኢንፌክሽን ዕድል ይጨምራል። ከራስ ደም ተጣርቶ የሚወጋው ውድ መርፌም እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ የ288 ሰዎች ጥናት ከጨው ውሃ አልበለጠም።

በካሜራ ገብቶ ጉልበትን «ማጠብና ማጽዳት» የሚባለው ደግሞ ለኦስቲዮአርትራይተስ ከማስመሰያ ኦፕራሲዮን (ቆዳው ብቻ ተቀድዶ ውስጡ ካልተነካ) እንደማይሻል እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ በ180 ሰዎች ላይ ታይቷል። ዛሬም የሚያቀርብላችሁ ካለ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከፊል ወይስ ሙሉ?

«ቅየራ» የሚለው ቃል ሰው ያስደነግጣል። ጉልበቱ ተቆርጦ አይጣልም። የአጥንቶቹ ጫፍ በጥቂት ሚሊሜትር ይላጥና ብረት ይለብሳል፤ በመካከል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። በሙሉ ቅየራ ሁሉም ጎን ይለብሳል፣ የመሀሉ ጅማትም በአብዛኛው ይነሳል። በከፊሉ የተበላው ጎን ብቻ ነው የሚነካው። ይህን ሐሳብ እንግሊዝ ውስጥ ጆን ጉድፌሎው የተባለ ሐኪምና ጆን ኦኮነር የተባለ መሐንዲስ በ1970ዎቹ አበጁት፤ ለውስጡ ጎን ብቻ መዋል የጀመረው ከ1982 ወዲህ ነው (ሁለቱም በእነሱ አቆጣጠር)። አዲስ ፈጠራ፣ ሙከራ ላይ ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሁለት ትልልቅ ማስረጃዎች አሉ፤ እርስ በርስ የሚጣሉም ይመስላሉ።

አንደኛው የእንግሊዝና የዌልስ የመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ100 ሺህ በላይ ሰዎችን አነጻጽሮ እንዲህ አለ፦ ሙሉ ከሚቀየርላቸው 100 ሰዎች ይልቅ ለ100ዎቹም ከፊል ቢሠራላቸው በመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት አንድ ሰው ያህል ከሞት ይተርፋል፤ ሦስት ያህሉ ግን ተጨማሪ ድጋሚ ኦፕራሲዮን ይገጥማቸዋል። ይህን አንቀጽ ሳነብ ብዙ ቆየሁበት። ከፊሉ ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ልብና ሳንባ ላይ ያለው ጫና፣ የደም መርጋቱ፣ ኢንፌክሽኑ ያንሳል። ዋጋው ደግሞ የመደገሙ ዕድል ነው፤ በ8 ዓመት ውስጥ ከሙሉው ሁለት እጥፍ ያህል ተደግሟል።

ሁለተኛው በ27 የብሪታንያ ሆስፒታሎች በ528 ሰዎች ላይ የተሠራና የ5 ዓመት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ነው። እዚህ ሰዎቹ በዕጣ ተመድበዋል። በሕመምና በመራመድ ነጥብ ሁለቱ እኩል ያህል ወጡ፤ ድጋሚ ኦፕራሲዮኑም ተቀራራቢ ሆነ፤ በወጪ ከፊሉ ረከሰ።

መዝገቡ «ሁለት እጥፍ ይደገማል» ሲል ዕጣው «ተቀራራቢ ነው» ያለው ለምንድን ነው? የኔ ንባብ ይህ ነው፦ በዕጣው ጥናት ሥራውን የያዙት የለመዱት እጆች ነበሩ፤ ሰውም በጥንቃቄ ተመርጧል። መዝገቡ ውስጥ ግን በዓመት ሁለትና ሦስት ብቻ የሚሠራ ሐኪምም አለ። ከመዝገቡ የወጣው ሌላ ሥራም ይህን ያጠናክራል፤ ከሚሠሯቸው የጉልበት ቅየራዎች ቢያንስ 20 በመቶ ያህሉን ከፊል የሚያደርጉ ሐኪሞች የድጋሚ ቁጥራቸው ዝቅ ይላል። ሌላም ምክንያት አለ። ከፊል የተቀየረለት ሰው «አሁንም ያመኛል» ሲል ሐኪሙ ወደ ሙሉ ለመለወጥ እጁ ይቀለዋል። ሙሉ የተቀየረለት ያንኑ ቢል «ታገሥ» ይባላል፤ የተቀየረን መልሶ መቀየር ከባድ ነውና። ስለዚህ መደገም ሁሉ መክሸፍ አይደለም፤ አለመደገም ሁሉም መርካት አይደለም። ሙሉ ከተቀየረላቸው ከአምስት አንድ ያህሉ በውጤቱ እንደማይረኩ የታወቀ ነው።

ዘመኑስ? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ስሌት ከ100 ሙሉ ቅየራዎች 82ቱ፣ ከ100 ከፊሎች ደግሞ 70ው ለ25 ዓመት ሳይነኩ እንደሚቆዩ ገመተ። ለ72 ዓመት ሴት ይህ ልዩነት ብዙም አይደለም፤ ከ70 ዓመት በኋላ ሙሉ የተቀየረለት ሰው በቀሪ ሕይወቱ የመደገም ዕድሉ 5 በመቶ አካባቢ ነው። በ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ ላለ ወንድ ግን ያው ሙሉ ቅየራ እስከ 35 በመቶ የመደገም ዕድል አለው። ዕድሜ የሚመዘነው እንዲህ ነው።

ለጎረቤታችን ብርድ ስጋትም መልስ አለኝ፦ ብረቱ የሰውነትን ሙቀት ይዞ ነው የሚኖረው። በብርድ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል የሚል የተቀየረለት ሰው አለ፤ ያልተቀየረለትም እንዲሁ ይላል።

አጥንት ማቃናት

ቅየራ ያልሆነ አንድ ኦፕራሲዮን አለ፤ የቅልጥሙን አጥንት ከጉልበቱ በታች ቆርጦ በማቃናት ጫናውን ከተበላው ጎን ወደ ደህናው ማዛወር። በ40ዎቹና በ50ዎቹ ላለ፣ እግሩ ለጎበጠ፣ ሸክምና እርሻ ለማይተው ወንድ ወይም ሴት የተሻለ ሊሆን ይችላል። የራስ ጉልበት ይቀራል፣ ቁጢጥም መንበርከክም አይከለከልም። አጥንቱ እስኪገጥም ግን ለሳምንታት በክራንች መሄድ አለ፤ ሲጋራ ለሚያጨስ ደግሞ አጥንቱ በቀላሉ አይገጥምም።

ሁሉም ባንድ ላይ

| መመዘኛ | እንቅስቃሴና ክብደት ቅነሳ | ከፊል ቅየራ | ሙሉ ቅየራ | አጥንት ማቃናት |
|---|---|---|---|---|
| የሚሆነው ለማን | መጀመሪያ ለሁሉም | አንድ ጎን ብቻ ለተበላ፣ ጅማቱ ደህና ለሆነ | ከአንድ ጎን በላይ ለተበላ፣ ለሩማቶይድ | ለወጣትና ለጎበጠ እግር |
| መታጠፍ | እንደነበረው | የተሻለ | ለወንበርና ለደረጃ የሚበቃ | እንደነበረው |
| ስግደትና መንበርከክ | ሕመሙ እስከፈቀደ | ብዙ ጊዜ ይቻላል | ለብዙዎች ይከብዳል | ይቻላል |
| 25 ዓመት የሚቆየው | አይመለከተውም | 70 በመቶ ያህል | 82 በመቶ ያህል | ብዙዎች ኋላ ቅየራ ያስፈልጋቸዋል |
| አደጋ | በጣም ትንሽ | ከሙሉው ያነሰ | ከከፊሉ የበለጠ | የአጥንት አለመግጠም |
| ማገገም | ወራት የፈጀ ትጋት | ሳምንታት፣ ከሙሉው ይፈጥናል | ወራት፣ እስከ ዓመት | ለሳምንታት ክራንች |
| በሐኪሙ ልምድ ላይ መመስረቱ | ትንሽ | በጣም | አለው | በጣም |

ለማን የቱ?

ሕመሙ ሲራመዱ ብቻ ከሆነ፣ ሌሊት እንቅልፍ የማይነሳ ከሆነ፣ ገንዘቡም ጠባብ ከሆነ፣ ለፊዚዮቴራፒና ለጥሩ ከዘራ አውጡት። ይህ የድሃ ምርጫ አይደለም፤ ሀብታምም መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

የውስጡ ጎን ብቻ አጥንት ለአጥንት የገጠመ፣ ለወራት በትጋት እንቅስቃሴ ሠርቶ ያልተሻለው፣ ስግደትና በርጩማ ናፍቆት ያለበት ሰው ከፊሉን ይጠይቅ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ከፊል ቅየራን አዘውትሮ የሚሠራ ሐኪም። «በዓመት ስንት ትሠራለህ? ከሙሉው ጋር ሲነጻጸር ስንት እጅ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እኛ ስንጠይቅ አንዱ ሐኪም ተቆጣ፤ ሌላው ደብተሩን አውጥቶ አሳየን። የሄድነው ደብተሩን ወዳሳየን ነው። የለመደ ሐኪም ካልተገኘ ግን በለመደ እጅ የተሠራ ሙሉ ቅየራ ባልለመደ እጅ ከተሠራ ከፊል ይበልጣል፤ እዚህ ላይ አልወላውልም።

ሁለት ወይም ሦስት ክፍሉ ከተበላ ክርክሩ ያበቃል፤ ሙሉው ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ከፊል ማስገባት ሁለተኛ ሒሳብ ያመጣል።

ገንዘቡና መንገዱ

የኦፕራሲዮኑን ዋጋ ብቻ የጠየቀ ሰው ግማሹን ነው የጠየቀው። ብረቱ ለብቻው፣ አልጋው ለብቻው፣ ላቦራቶሪው፣ ደም ማቅጠኛ መድኃኒቱ፣ ፊዚዮቴራፒው፣ የአስታማሚው ማደሪያና ምግብ፣ ለክትትል የሚደረገው ምልልስ፤ ሁሉም በወረቀት ላይ ይጻፍ። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኛ ወደ አዲስ አበባ የሄድነው ለሌላ ነገር ሳይሆን ደብተር ያሳየን ሐኪም እዚያ ስለነበረ ነው፤ ስንመለስ ግን እናቴን ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ማምጣት አልደፈርንም። ከኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት ሳምንታት ለረጅም ሰዓት እግር አጥፎ መቀመጥ ደም ያረጋል፤ ሐኪሟ እስኪፈቅድ ቆይተን በአውሮፕላን አዘዞ ወረድን። የጤና መድን ያለው ሰው ሪፈር ወረቀቱን ከመያዙ በፊት ብረቱ ይሸፈን እንደሆነ ይጠይቅ፤ በኋላ መጠየቅ ለቅሶ ነው።

ከመሄድ በፊት ስኳር ይስተካከል፣ የተበላሸ ጥርስ ይታከም፣ የተረከዝ ንቃቃትና የእግር ቁስል ይዳን። ጀርም ወደ ብረቱ የሚገባው በእነዚህ በሮች ነው። የብረት ኢንፌክሽን ከ100 ሰው በአንድ ወይም በሁለት ላይ ይደርሳል፤ ሲደርስ ግን ከሁሉም የከፋው እሱ ነው።

ቤት ከገቡ በኋላ

እኛ የሠራነውን ስህተት ልንገራችሁ። አክስቴ አዝና ከጉልበቷ ሥር ለስላሳ ትራስ አደረገችላት። እናቴም ተመቻት፤ ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ተኛች። ፊዚዮቴራፒስቷ መጥታ ስታይ ጉልበቷ መቃናት እምቢ ብሏል። ትራስ የሚደረገው ከተረከዝ ሥር ነው፣ ጉልበቱ ወደ ታች እንዲቃና፤ ያማል፣ ግን የሚያድነው እሱ ነው። ያጣናትን ሳምንት ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ጠበል መጠጣትም መጸለይም ማንም አይከለክልም፤ ቁስሉ ሳይደርቅ እላዩ ላይ ማፍሰስ ግን አይሆንም። ወጌሻ ደግሞ ብረት የገባበትን ጉልበት አይንካ። ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ፣ ባቱ ካበጠና ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ጠዋት እስኪሆን አትጠብቁ፤ ጎንደር ያለ ሰው በዚያው ሌሊት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ራስን ማከም ጀርሙን ይደብቀዋል፤ ሐኪሙ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቀድቶ ሳያስመረምር መድኃኒት አይጀመር።

እናቴ ግራ ጉልበቷ በከፊል ከተቀየረላት ሁለት ዓመት ሆናት። ደረጃውን እግሯን እያፈራረቀች ትወጣለች። በርጩማዋን በአንድ ስንዝር ከፍ አስደርጋለች። በሕማማት ምንጣፍ ላይ ወፍራም ትራስ ደርባ ጥቂት ጊዜ ሰገደች፤ ስትነሳ ወንበር ያዘች። ቀኝ ጉልበቷ ደግሞ ከፊትም ከጎንም እየተበላ ነው፤ ለእሱ ከፊል እንደማይሆን ከወዲሁ ተነግሯታል።

ከሆስፒታል ስንወጣ የብረቱን ዓይነት፣ መጠንና ቁጥር የያዘች ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ሰጡን። ቀን የመጣ እንደሆነ የሚደግመው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሷን ነው፤ ካልሰጧችሁ ጠይቃችሁ ተቀበሉ። እናቴ ወረቀቷን ከራጁ ጋር በዚያው ፌስታል ጠቅልላ ራስጌዋ ሰቅላታለች፤ ጠያቂ ሲመጣም አሁን የምታሳየው ወረቀቷን ነው።